ለማን ነው የሚለማው?

ሰፈር ሲለማ «ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ቤት» የሚሉት ነገር አንጀቴን ያሳርረዋል። ከማን ኪስ ጋር ነው የሚመጣጠነው? የቤት ወጪ ከገቢ 30 በመቶ አይብለጥ የሚለው የተለመደ መለኪያ ነው፤ ጥሩ። ግን የማን ገቢ? ብዙ ጊዜ የአካባቢውን መካከለኛ ገቢ ይወስዳሉ፣ ስሌቱ ውስጥ የሀብታሞቹም ሰፈር ይገባና ቁጥሩ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ ቤቱ በወረቀት «ተመጣጣኝ» ተብሎ ቢሮ አጽድታ ለምታድር እናት የማይቀመስ ይሆናል።

ሰፈር ሲታደስ የሚጠላ የለም። ጨለማ የነበረ መንገድ መብራት ሲገባለት፣ የተከፈተ ቦይ ሲከደን ደስ ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ያንን መብራት ለዓመታት ሲለምኑ የኖሩት ሰዎች በበራ ማግስት ኪራይ ተጨምሮባቸው ዕቃቸውን መጫናቸው ነው። ፍራሽ፣ ድስት፣ በፌስታል የታጨቀ የልጅ ደብተር። ልጁ ትምህርት ቤት ይቀይራል፣ እናትየው ሥራዋ ይርቃታል፣ ልጅ ጥላበት የምትሄደው ጎረቤት የለም። ይሄን የትኛው ካሳ ይከፍለዋል?

መላ ጠፍቶ እኮ አይደለም! መሬቱን ማኅበረሰቡ በጋራ ይዞ ቤቱ ብቻ የሚሸጥበት አሠራር አለ፤ መልሶ መሸጫ ዋጋው ገደብ ስላለው ለሚቀጥለውም ሰው የሚቀመስ ይሆናል። ከአዲስ ሕንፃ የተወሰኑ ቤቶች ለዝቅተኛ ገቢ እንዲተዉ ማስገደድም አለ፣ ግን እሱም ላይ ብዙ ጊዜ የዓመት ገደብ ያስገቡበታል፣ ዓመቱ ሲሞላ ቤቱ ወደ ገበያ፣ ተከራዩም ወደ ውጭ። መጀመሪያ ነዋሪው ተመልሶ የመግባት መብቱን በጽሑፍ ስጡት፣ ከዚያ ለልማቱ ሰፈሩን አፍርሱ።