ለካዝናው ተያዥ፣ ለልጁስ?

እንግሊዝ አገር ሰንበት ትምህርት ቤት ገብታችሁ ሕፃናትን በነፃ ላስተምር ብትሉ እንኳ መጀመሪያ ዲቢኤስ ትጠየቃላችሁ። የወንጀል ታሪክን የሚያጣራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። አንዳንድ አበሻ "ሌባ አስመሰሉን" ብሎ ይቀየማል። እኔ አልቀየምም።

የድሮ ፍርድ ሁሉ በር ይዘጋል ማለት ግን አይደለም። በወጣትነቱ ስልክ ሰርቆ የተቀጣ ሰው ሊቀጠር ይችላል፤ ቀጣሪው ያመዛዝናል። ከልጆች ጋር እንዳይሠራ የታገደ ሰው ግን ሥራውን መጠየቁ ራሱ ወንጀል ነው።

ጥንቃቄው በደም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሶሃም በምትባል ከተማ ኢያን ሀንትሊ የተባለ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ሁለት የ10 ዓመት ልጆችን ገደለ። ቀድሞ በኖረበት አካባቢ በፆታ ጥቃት ደጋግሞ ተጠርጥሮ ነበር፤ ግን አልተፈረደበትም። ፖሊስ የሰማውን ቀጣሪው አልሰማም። በ2006 አዲስ ሕግ ወጣ። ዛሬ ጥብቁ ማጣሪያ ከፍርድ ሌላ፣ ፖሊስ ይጠቅማል ያለውን መረጃም ያወጣል።

ወደ ሰሜን ሸዋ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ደመወዝተኛ ተያዥ አምጣ ይባላል። የቤት ሠራተኛም ተያዥ ትጠየቃለች፤ እሱም ዕቃ እንዳይጠፋ ነው። የሰፈር ልጆችን ኳስ የሚያሠለጥነውን፣ ቤት ለቤት የሚያስጠናውን ግን ማን ምን ይጠይቀዋል? "የእገሌ ልጅ ነው" ከተባለ በቃ። መንዝ ገጠር ውስጥ የሰው ዘር ማንዘሩ ስለሚታወቅ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ያሰፋት ደብረ ብርሃን ግን ጎረቤት የማይተዋወቅባት ከተማ እየሆነች ነው። መጤ ይፈራ ማለቴ አይደለም። ልጅ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የሚያውቀው ሰው ነው።

አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ማውጣት እኛም ጋ አለ፤ ውጭ አገር ለመሄድ ስንቱ ተሰልፎበታል! ግን ወረቀቱ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ልጅ ተደፍራ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ "ስሟ እንዳይጠፋ" ተብሎ የሚዳፈን ጉዳይ አለ። ያ ሰውዬ ነገ አሻራ ቢሰጥ ንጹሕ ነው ተብሎ ይወጣል።

ስለዚህ ዲቢኤስን እንዳለ እናምጣ አልልም። ሽማግሌዎቻችን በድንበርና በደም ያስታርቁን። የልጅ ጥቃት ሲመጣባቸው ግን "ይሄ የፖሊስ ነው" ብለው ይነሱ። ትምህርት ቤቶችም ለገንዘብ ያዡ የሚጨነቁትን ያህል ስለ አስተማሪው ቀድሞ የሠራበት ቦታ ደውለው ይጠይቁ።