ዳሽቦርዱ ለሕዝብ፣ ሞተሩ ለቄስ

ያረጀ የስፖርት መኪና ገዝተው የሞተሩን ነገር ለፈጣሪ በመተው የውስጡን ገጽታ በማስዋብ ላይ የተሰማሩ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም። ሰሞኑን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከእነርሱ አንዱ አስቁሞኝ፣ ሁለቱንም በሮች ከፍቶ፣ እኔ ሥራ እየረፈደብኝ እርሱ የዳሽቦርዱን መብራት ከቀይ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ ሲለዋውጥልኝ ከቆየ በኋላ፣ ዝምታዬ ውለታ ቢስነት ሆኖ ስለታየኝ ይህን የአድናቆት ጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። እናንተም በየተራችሁ ቆማችሁ አይታችኋል፤ «ቆንጆ ነው» ብላችሁም አምልጣችኋል።

መኪናው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1982 እስከ 1991 ከተመረቱት ፖርሽ 944ዎች አንዱ ሲሆን፣ የእርሱ የ1984 ሥሪት ነው። የጀርመን መሐንዲሶች፣ የዋሆች ስለነበሩ፣ ሾፌር ማለት የመኪናውን ጤና ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህም ከማርሹ ፊት ለፊት ሦስት ክብ መለኪያዎችን ደረደሩ፤ አንዱ የሞተሩን የዘይት ግፊት፣ ሌላው የኤሌክትሪኩን ቮልቴጅ የሚያሳይ ሲሆን የቀረው ሰዓት ነው። የስኒ ማስቀመጫ ግን ረሱ። ባለ ራእዩ ወዳጃችን ይህን ታሪካዊ ስሕተት ለማረም የዘይት መለኪያውን ነቅሎ በቦታው የስኒ ማስቀመጫ ሊተክል ተነሣ። ቀዳዳው ለማኪያቶ ብርጭቆ ስለጠበበ በመጋዝ አሰፋው፤ ሲያሰፋው መጋዙ ጎረቤቱን የቮልቴጅ መለኪያ ስለነካው እርሱንም አሰናበተው። የተንጠለጠሉት ሽቦዎች ያለ ሥራ እንዳይቀሩ ስኒውን ከሥር የሚያሞቅ መሣሪያ ቀጠለባቸው። ማሞቂያው በዙሪያው የተለጠፈውን ካርቦን ፋይበር መሳይ ፕላስቲክ ማቅለጥ ሲጀምር ማቀዝቀዣ ፋን ጨመረ። ፋኑ እንደ ንብ ቀፎ ስላስቸገረ ድምፁን የሚውጡ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች አስገባ። ድምፅ ማጉያዎቹ ባትሪውን ስለጨረሱት ትልቅ ባትሪ ገዛ፤ ትልቁም ባትሪ በየሳምንቱ ይሞታል፣ ለምን እንደሚሞት የሚነግረው መለኪያ ግን ለስኒው ሲባል መሥዋዕት ስለሆነ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ምስጢር ነው። ማኪያቶው ግን፣ ሐቁን መመስከር ስላለብኝ፣ እስከ ጎረቤቷ አርሊንግተን ድረስ አይቀዘቅዝም።

ዳሽቦርዱ ራሱ የተሰነጠቀ ነበር። የዚያ ዘመን ዳሽቦርድ ከፎም ላይ የተወጠረ ቪኒል ስለሆነ፣ ለዓመታት በመስታወት ውስጥ የገባ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ደርቆም እንደ በጋ ጭቃ ይተረተራል። ዳሽቦርዱን ከነሥሩ አውጥተው፣ ስንጥቁን ሞልተው፣ እንደገና የሚያለብሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸው አዝጋሚ ነው፣ ሲጨርሱም አዲስ ነገር የተሠራ አይመስልም፤ እንዲህ ያለ የማይታይ ሥራ ታዲያ ማን ይከፍልበታል? ወገኖቻችን በስንጥቁ ላይ የፕላስቲክ ክዳን በማጣበቂያ ይደፉበትና «ታድሷል» ይላሉ። የተጓዘውን ርቀት የሚቆጥረው መሣሪያም በዚህ መኪና ላይ ጥርሱ እየተሰበረ መቆም የታወቀ አመሉ ነው፤ ይህንን ግን ማንም አይነካውም፤ ቆጣሪው ከቆመ መኪናው አያረጅማ! ሊሸጡት ሲያስቡ «ብዙ አልተነዳም» ለማለት ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ማስረጃ የለም።

ስለ መሪው ግን መሳቅ አልችልም። የዚሁ መኪና ቱርቦ ሞዴል በ1987 በአሜሪካ ገበያ ለሾፌሩም ለጎን ተሳፋሪውም ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከል ከረጢት) በመደበኛነት ይዞ የቀረበ የመጀመሪያው መኪና ነበር። ይህንን ቱርቦ ገዝቶ፣ ኤርባግ ያለበትን መሪ ነቅሎ ጥሎ፣ ለፎቶ የሚያምር ትንሽ የውድድር መሪ የሚገጥም፣ የተሳፋሪውንም ኤርባግ አስወግዶ በቦታው ስክሪን የሚሰካ፣ በዚያም ስክሪን የሙዚቃ ቪዲዮ ከፍቶ በ395 አውራ ጎዳና ላይ ከመስመር መስመር የሚዘል ሰው ጌጠኛ አይደለም፤ ግዴለሽ ነው። ጎኑ የተቀመጠችው እኅት «ኤርባጉን አውጥቼዋለሁ» ተብሎ አልተነገራትም። በሚቀጥለው መስመር ልጆቹን ጭኖ የሚነዳውም አባት በዚህ ጌጥ ላይ ድምፅ አልሰጠም። የገዛ አንገቱን ለፎቶ መስጠት መብቱ ነው እንበል፤ የሰውን አንገት ማን ሰጠው?

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የ944 ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅሰው በጎማ የታይሚንግ ቺንጋ ነው። ይህ ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም በአንዲት ቅጽበት የብረት ክምር ይሆናል። ስለዚህ መኪናውን የሚያውቁ መካኒኮች ቺንጋው በየ30,000 ማይሉ ይቀየር ይላሉ፤ መኪናው ቆሞ ቢውልም ጎማ በዕድሜ ስለሚደርቅ ዓመቱም ይቆጠራል። ቆጣሪው የቆመበት፣ የዘይት መለኪያው ስኒ የሆነበት ጀግናችን ግን 30,000ው መቼ እንደሞላ በምን ይወቅ? ደግሞስ ቢያውቅ፣ ቺንጋው ያለው ከሽፋን ሥር ነው፤ ቀለም አይቀባም፣ መብራት አይገባበትም፣ እንግዳም በሩ ተከፍቶለት አያየውም።

በመኪና ማቆሚያው ውስጥ እያለን ቀጣዩን ዕቅዱን በኩራት አብራራልኝ፤ ጣሪያውን ከነልብሱ ገፍፎ ኮከብ በሚመስሉ ጥቃቅን መብራቶች ሊሞላው ነው፤ በጀቱም ተይዟል።

«ቺንጋው መቼ ተቀየረ?» አልሁት።

በአዘኔታ አየኝ። «ጋሼ፣ እሱን ደግሞ ማን ያየዋል?»