«አክተሩ አይሞትም» ብለው ለጸኑ

ሰው የጎረቤቱን ስም በሚረሳበት በዚህ ዘመን፣ በሰባት ዓመቱ የወደደውን የፊልም ተዋናይ በአርባ ሰባት ዓመቱም በዚያው ስስት ለሚወድ ሰው ሐውልት ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። ሙያውንና የፖለቲካ አቋሙን በየጊዜው ሲቀያይር ምንም ያልመሰለው ይህ ጽኑ ሰው፣ «የአንተ አክተር ዘንድሮ ደከም ብሏል» ያለውን አብሮ አደጉን ለዓመታት ሊያኮርፈው ይችላል። በልጅነቱ «የእኔ አክተር ያንተን ይጥለዋል» ብሎ የጀመረውን ክርክርም አላቋረጠውም፤ ዛሬ ግን በስሎ፣ ሳንቲሙ እርሱ ጋ የማይደርሰውን የሲኒማ ገቢ በማስረጃነት እየጠቀሰ ይሟገታል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው የፍርድ ሚዛኑ ነው። ፊልሙ ካማረ ተዋናዩ አሳመረው፤ ከከሸፈም ዳይሬክተሩ አበላሸው። የሚያስለቅሰውን ቃል የጻፈው ደራሲ፣ በተዋናዩ ፈንታ ከፎቅ የዘለለው ተደራቢ፣ መልኩን በብርሃን ያሳመረው ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ በአድናቂው ዘንድ አልተፈጠሩም። እ.ኤ.አ. በ1964 ለእይታ በበቃው «ማይ ፌር ሌዲ» ውስጥ ኦድሪ ሄፕበርን የዘፈነቻቸው ከሚመስሉት ዜማዎች አብዛኞቹን ያዜመችው ማርኒ ኒክሰን ነበረች፤ በሕንድ ፊልምም እነ ላታ ማንጌሽካርና መሐመድ ራፊ ከንፈር ለሚያንቀሳቅሱ ተዋንያን ድምፃቸውን ሲያውሱ ኖረዋል። የሕንዶቹ ዘፋኞች እንኳ ስማቸው የገነነ ነበር፤ ምስጢር የደበቀ የለም። አድናቂያችን ግን ዓይኑን ጨፍኖ «ድምፁ ራሱ ልብ ይሰርቃል» ይላል፤ የሰው ድምፅ ሰምቶ ለመረጠው ሰው ማውረስ ቀላል ችሎታ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ምሁራን፣ ተመልካች በስክሪን ከሚያየው ሰው ጋር የሚመሠርተው ቅርበት የአንድ ወገን ብቻ መሆኑን ጽፈው ነበር። ምሁራን መቼም የሰው ደስታ ማደፍረስ ይወዳሉ። የዚህ ወዳጅነት ትልቁ ጸጋ የአንድ ወገን መሆኑ እንደሆነ እንዴት ተሰወረባቸው? የማያውቅህ ሰው አይከዳህም፤ ብድር አይጠይቅህም፤ ስትሳሳትም አይመክርህም።

ተዋናዩ ታሞ አስታምሙኝ ባይልም አድናቂው አይቀርበትም። እ.ኤ.አ. በ1982 ዝነኛው የሕንድ ተዋናይ አሚታብ ባቻን «ኩሊ» የተባለው ፊልም በሚቀረጽበት ጊዜ፣ በድብድብ ትዕይንት ላይ ሆዱን ክፉኛ ተጎድቶ ከሞት አፋፍ ሲደርስ ሕንድ በጸሎት ተጨነቀች፤ ሰውየውም ዳነ። በመጀመሪያው ድርሰት መሠረት ገጸ ባሕርይው መጨረሻ ላይ መሞት ነበረበት፤ ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ ግን ያን ያህል የተጸለየለትን ሰው በፊልም መግደል ስላልሆነለት ታሪኩን ለውጦ በሕይወት አቆየው። በልጅነታችን «አክተሩ አይሞትም» ስንል የሳቁብን ታላላቆቻችን አሁን የት አሉ?

ይህ እምነት በሲኒማ ቤት በር ላይ የሚቆምም አይደለም። በጀግና ገጸ ባሕርያቱ የታወቀው ተዋናይ ኤም ጂ ራማቻንድራን እ.ኤ.አ. በ1977 በሕንድ የታሚል ናዱ ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆነ፤ ክሪሽና የተባለውን አምላክ ደጋግሞ የተጫወተው ኤን ቲ ራማ ራውም እ.ኤ.አ. በ1982 ፓርቲ መሥርቶ ዓመት ሳይሞላው በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ሥልጣን ያዘ። አመክንዮው እንከን የለውም፤ ስድስት ወንበዴ በአንድ ትንፋሽ የሚዘርር ሰው የበጀት ጉድለትን ያቅተዋል ብሎ የሚጠራጠር፣ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያላየ ብቻ ነው።

አድናቂው ፍትሕ ወዳድ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ሕፃን ሳለ ያስፈራራውን ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተውን ምስኪን ተዋናይ እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም። ሰውየው በግል ሕይወቱ ደግ አባት ነው፣ ከአክተሩም ጋር የልብ ወዳጅ ነው ቢሉት እንዲህ ያለውን ወሬ አይሰማም፤ የአክተሩን አባት የገደለው ማን እንደሆነ በገዛ ዓይኑ አይቷል።