ወረቀቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው የሚጥለው

ስለ ፖለቲካ ጥገኝነት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «የፓርቲ መታወቂያ የሌለው ጥገኝነት ጠያቂ በከንቱ ይደክማል» ማለቱ አልተዋጠልኝም። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የሚመዘነው ወረቀት ሳይሆን፣ ቢመለስ በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ጥቃት ይደርስብኛል ብሎ መፍራቱ መሠረት ያለው መሆኑ ነው። አመለካከቱ የራሱ ባይሆን እንኳ አሳዳጁ የእርሱ ነው ብሎ ከያዘው ይበቃል፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ዋርድ በተባለ ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳይ ይህንኑ ብሏል። የብሪታንያውም በ2012 በዚምባብዌያውያኑ ጉዳይ፣ ፖለቲካ የማይነካካ ሰው እንኳ ለመዳን ሲል የገዢው ፓርቲ ደጋፊ መስሎ እንዲኖር አይጠበቅበትም ሲል ወስኗል።

ብዙውን ሰው የሚጥለው የቃል መጋጨት ነው። ከደሴ የወጣው የአክስቴ ልጅ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በር ተሰበረ» አለ፤ አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ አሻገረው፤ በጥገኝነት መርማሪዎቹ መዝገብ የእኛ ምሽት ሁለት ሰዓት ሆነ። በይግባኙ ሌላ አስተርጓሚ በትክክል ሲተረጉም «ቃልህን ለወጥህ» ተባለ። እኔና አክስቴ ፒያሳ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠን፣ የእኛን የሰዓት አቆጣጠር ለማስረዳት ብቻ ሁለት ገጽ አስተየብን። አክስቴ «ዶሮ ሳይጮህ ነው በልና ጻፍ» እያሉ ጸሐፊውን ያስቸግሩት ነበር።