ሳታየው መጣህ?

ሰኞ ጠዋት ነው። ቦርሳዬን እንኳን ከትከሻዬ አላወረድኩም። ባልደረባዬ ማኪያቶውን ይዞ መጣና “እህሳ፣ ሐረር እንዴት ነበር?” አለኝ። ላወራለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

“የራምቦን ቤት አየህ?”

አላየሁም።

“እንዴ! እሱን ሳታይማ ሐረር ሄድኩ እንዳትል!”

ጀጎልን አይቻለሁ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡትን፣ ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. የመዘገበውን ግንብ። በሸዋ በር ገብቼ፣ ጠባብ መንገድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠፍቼ፣ በኤረር በር ወጥቻለሁ። ማኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ሱሪ አሳጥሬያለሁ። ስሙን ያወጣለት የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም ደጅ ላይ ተደርድረው ግርግር ያደርጉታል። ሱሪውን አሁንም ለብሼዋለሁ። ይሄ ሁሉ እያለ ሰውዬው ያላየሁትን ከየት አሸተተው? ላሊበላ ደርሼ ስመጣም “አሸተን ማርያም ወጣህ?” ያለኝ እሱ ነው።

ደግሞ ጥፋቱ የኔ አይደለም። ጥፋቱ የአልጋ ነው።

አልጋ መያዝ ድሮ ቀላል ነበር። ከአውቶቡስ ትወርዳለህ፣ አንድ ልጅ ሻንጣህን ይነጥቅሃል፣ እሱ የወሰደህ ቦታ ታድራለህ። አሁን ስልክ ላይ መምረጥ አለ። ስልክ ላይ ደግሞ የሆቴል ክፍል ሁሉ ኳስ ሜዳ ነው። ፎቶ አንሺው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሳይሆን አይቀርም የሚያነሳው።

እኔ ሆቴል ላይ ቂም አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ከተማ፣ “24 ሰዓት ሙቅ ውሃ” የሚል ሆቴል አረፍኩ። አልዋሹም፤ 24 ሰዓት ጠበቅኩት። እንግዳ ተቀባይዋን ስጠይቃት “ይመጣል” አለችኝ። ማታም “ይመጣል”። በማግስቱ “ሌሊት መጥቶ ነበር እኮ፣ አልሰሙም?” ውሃ ነው ወይስ ቅዱስ ገብርኤል? እኔን የሚያቃጥለኝ የውሃው መጥፋት አይደለም። አዲስ አበባም በፈረቃ ነው የምንታጠበው። “የለም” የምትል አንዲት ቃል ምን ታስከፍላለች? ቢነግሩኝ ፊቴን በሃይላንድ ታጥቤ እወጣ ነበር። ሳሙና ተቀብቼ ባልቆምኩ ነበር! ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ አንድ ብር አልቀነሱም። የአገልግሎት የሚል ጨምረውበታል። የምን አገልግሎት? የ“ይመጣል”?

ስለዚህ ዘንድሮ ሆቴል ይቅርብኝ አልኩ። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የጥንት የሐረሪ ቤቶች አሉ፤ ጌ ጋር ይሏቸዋል። አንዱን ያዝኩ። ወለሉ ቀይ፣ ግድግዳው ጣሪያው ድረስ በስፌትና በሳህን የተሞላ። አምስት መደብ አለ፣ ከፍና ዝቅ ያለ፣ ለየማዕረጉ። ለኔ የሚገባኝ የትኛው እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የቤቱ እመቤት “ግባ እንጂ አቦ!” አሉኝ። ከዚያ ገና ሳልጠይቅ፣ “ውሃ በቧንቧ የለም፣ በበርሜል አለ፤ ጣሳው እዚያ ነው” አሉኝ። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም።

ችግሩ አክስቴ ሰማች።

“የሰው ቤት? በገንዘብ? አንተ ልጅ፣ የአጎትህ ሚስት ወንድም እዚያው እያለ ሰው ምን ይለናል?” ሰውዬውን በሕይወቴ ያየሁት አንዴ ነው፣ ለቅሶ ላይ። ድሬዳዋ አውሮፕላን ጣቢያ ወርጄ፣ በሚኒባስ ደንገጎን ስወጣ ስልኬ ጮኸ። “እሁድ ምሳ ብቻ” አሉኝ።

ምሳውን ቆይቼ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ጅቡ።

“ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ” የምትለውን ተረት እወዳታለሁ። ስብሰባ ላይ ስንት ሰው አስቀምጬባታለሁ። ሐረር ላይ ግን ከሸፈችብኝ። ቅዳሜ ማታ ግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበላው ሰውዬ በስም እየጠራ ሰበሰባቸው። አጭር እንጨት ላይ ሥጋ አንጠልጥሎ “በጥርስህ ያዝ” አለኝ። ያዝኩ። ጅቡ መጣ። ትንፋሹ ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ ሥጋ ቤት ጓሮ ይሸታል። ሥጋውን ወሰደ፤ እኔን ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ሌሊት ገብቶ የከተማውን ትርፍራፊ ለቅሞ ይወጣል። በአሹራ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። እንግዲህ ይሄ ጅብ የማያውቁት አገር ምን ሊሠራ ይሄዳል? የሚያውቁት አገር በር አውጥተውለታል! ያችን ተረት የተረተው ሰው ሐረርን ሳያይ ነው።

እሁድ ምሳ። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ በግ አርደዋል፤ ስለ በጉ ክፉ አይወጣኝም። ግን በስድስት ሰዓት የገባሁ ሰውዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገና አቦል ነበርኩ። ቶና ላይ ሰዓቴን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። “ምነው፣ ሰለቸንህ እንዴ?” በረካ ደረሰ። ከበረካ በኋላ የሠርግ አልበም መጣ። አልበሙ ሲያልቅ የሙሽራዋ እህት አልበም መጣ። የራምቦ ቤት ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። አውሮፕላኔ ግን ድሬዳዋ ነው።

እሺ፣ ቤቱስ ምንድን ነው? ራምቦ የፈረንሳይ ገጣሚ ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር መጥቶ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ በ1891 አገሩ ሞተ። አሁን በስሙ የሚጠራው ቤት የተሠራው ከሞተ በኋላ ነው። እሱ አልኖረበትም፣ እኔ አላየሁትም። እኩል ነን።

ይሄን ለባልደረባዬ ላስረዳው ነበር። ማኪያቶው እየቀዘቀዘ ፊቴ ቆሟል። ደከመኝ።

“ይቅርታ፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ አይቼዋለሁ” አልኩት። “የእንጨት ቤት ነው። መስኮቱ ባለቀለም መስታወት።” ፖስት ካርድ ላይ አይቼዋለሁ።

“እ!” አለ፣ ማኪያቶውን ፉት ብሎ። “ፎቁ ላይስ ወጣህ?”