የትምህርት ቤት ግቢ የምትገመግሙ ሰዎች እስቲ ዝናብ ሲዘንብ ኑ

ጅማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ግቢው ለአካባቢ ምን ያህል ተስማሚ ነው ተብሎ ሲገመገም ገምጋሚዎቹ የሚመጡት ፀሀይ ባለበት ቀን ነው፣ ያውም ቀድሞ ተነግሮ። ግቢው ከዋዜማው ጀምሮ ተጠርጓል፣ የአበባ መደቡ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ኖራ ተቀብቷል፣ የዛፎቹ ግንድ ደሞ እስከ ወገቡ ነጭ ሆኗል፣ አሮጌ ጎማ ቀይና ቢጫ ቀለም ተቀብቶ መሀሉ አበባ ገብቶበታል። ኮሚቴው ዞር ዞር ይልና ቅጹ ላይ ራይት ራይት አድርጎ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ሰሞኑን እኛ ሰፈር አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ተገምግሞ "አረንጓዴ ግቢ" ተብሎ በወላጆች ስብሰባ ሲመሰገን ሰምቼ ነው ይሄን የምጽፈው። መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም፣ እነሱ በቃ የተጠየቁትን አሟሉ፣ የተበላሸው ጥያቄው ነው።

ምን ለማለት ነው፣ ቅጹ የሚጠይቀው ጽዳትና ውበት ነው። ጽዳት ጥሩ ነገር ነው፣ ማንም አይጠላውም፣ ግን ንጹህ ግቢ ሁሉ አፈሩን የያዘ፣ ውሃውን ያስቀረ፣ ወፍና ንብ የሚኖርበት ግቢ ነው ማለት አይደለም፣ እንዲያውም አንዳንዴ ግቢው የተጎዳው በጽዳቱ ነው።

እዚች መጥረጊያ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ተማሪ በተራ ግቢውን ይጠርጋል፣ የወደቀው ቅጠል በሙሉ ተሰብስቦ ከሽንት ቤት ጀርባ ይቃጠላል፣ የሚቀረው ቀዩ አፈር ብቻ ነው፣ ራቁቱን። ከዛ ያ ሁሉ ተማሪ፣ ያውም አንዳንዱ ጋ በሁለት ፈረቃ፣ እላዩ ላይ ሲመላለስ ይውላል። የጅማ ቀይ አፈር እኮ በተፈጥሮው ጥልቅና ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ነው፣ ነገር ግን ቅጠልና ሳር ሳይሸፍነው በእግር ተረግጦ ሲጠጥር፣ የዝናብ ጠብታ ደሞ በቀጥታ ሲመታው ላይኛው ይፈረፍርና ደቃቁ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ከዛ በኋላ ውሃው ወደ ታች መግባቱን ትቶ በላይ በላዩ ይሮጣል። ቅጠሉ ቢኖር ጠብታውን ያበርደዋል፣ ሲበሰብስም አፈሩን ያለሰልሰዋል። የዚህ አገር ቡና ገበሬ ይሄን አሳምሮ ያውቃል፣ የሰሳና የብሳና ቅጠል ቡናው ስር ሲወርድ ጠርጎ አያቃጥልም፣ እዛው ይተወዋል። የዚህ ገበሬ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ሲመጣ መጥረጊያ ተሰጥቶት ያንኑ ቅጠል ጠርጎ እንዲያቃጥል ይታዘዛል፣ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ደሞ ስለ ብስባሽ ይማራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር፣ ግቢ መገምገም የፈለገ ሰው ዝናብ ሲዘንብ ይምጣ። ጅማ ላይ ዝናብ ብርቅ አይደለም፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ይዘንባል፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ የሚመች ቀን አይጠፋም። ጃንጥላ ይዞ መምጣትም አያስፈልግ፣ ክፍሎቹ በረንዳ ላይ ቆሞ ውሃው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ማየት በቂ ነው። ጎርፉ ምን ቀለም አለው? ቀይ ከሆነ ግቢው ራሱ እየሄደ ነው። የትኛው ዛፍ ስሩ ወጥቷል? የክፍሉ መሰረት በየት በኩል ተሸርሽሯል? ከአጥሩ በየት በኩል ይወጣል? ያ ጎርፍ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አያልቅም፣ ወደ ዲች ይገባል፣ ከዲች ወደ አዌቱ ወንዝ፣ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዛ ጊልጌል ጊቤ፣ እሱ ደሞ በ1996 ስራ የጀመረውና 184 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሰራው የጊልጌል ጊቤ ግድብ ያለበት ወንዝ ነው። ግድቡ በደለል ይሞላል እያልን ስንጨነቅ ሁሌ ጣታችንን የምንቀስረው ገጠር ባለው ገበሬ ላይ ነው፣ ከተማ ያለ ግቢም የድርሻውን ይልካል።

የቆመ ውሃም አለ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ኩሬ የሚሰራበት ቦታ ስንት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል የሚለው መቆጠር አለበት፣ ምክንያቱም የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፣ በሁለት በሶስት ቀን የሚደርቅ ኩሬ ጫማ ያበላሻል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም፣ ሁለት ሳምንት የሚቆየው ግን ጅማን በመሰለ የወባ አካባቢ ቀልድ አይደለም።

አሁን ቀና በሉና ጣሪያውን እዩ። አሸንዳ አለው? ካለው ወዴት ይወስዳል? ብዙ ጊዜ ወይ የለም፣ ወይ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፣ ወይ ደሞ ውሃውን ሰብስቦ እግረኛ መንገዱ ላይ ያፈሰዋል። እስቲ ሂሳቡን እንስራው፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሰራው ነው፣ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። አራት ክፍል ያለው ብሎክ፣ አንዱ ክፍል 8 በ7 ቢሆን፣ ጣሪያው 224 ካሬ ይመጣል። ከሚዘንበው አምስተኛው በፍንጣሪና በትነት ቢባክን እንኳ በዓመት ከ260 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ነው። 30 ሚሊሜትር የጣለ አንድ ጥሩ ዝናብ ብቻውን ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ልጆች ቧንቧ ስለጠፋ ሽንት ቤት ወጥተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ክፍል ይገባሉ፣ ታዲያ ይሄ ትምህርት ቤት በር ላይ ባለው አበባ ነው "አረንጓዴ" የሚባለው? እርግጥ ሮቶ ገንዘብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቀለም የተቀባው ጎማና በየዓመቱ የሚታደሰው ኖራም ገንዘብ ነው፣ አሸንዳ ጠግኖ ውሃውን ወደ ችግኞቹ ማዞር ደሞ ያን ያህል አይደለም። (ሮቶ ያላችሁ ክዳኑን ዝጉ፣ ያው ትንኟ።)

ሌላ ልጆች የሚወዱት ነገር አለ። የዱቄት ወተት ጣሳ ውሰዱ፣ ሁለቱንም አፉን ክፈቱት፣ መሬት ውስጥ ሁለት ሶስት ጣት ያህል ጠቅጥቃችሁ አስገቡትና ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዛ በስልክ ሰአት ያዙ። አንዴ ዛፍ ስር ቅጠል ባለበት፣ አንዴ በተጠረገው ሜዳ፣ አንዴ ባንዲራ በሚሰቀልበት ሰልፍ ቦታ። የሰአቱን ልዩነት ካያችሁ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሊሾና ኮብል ላይማ መሞከርም አያስፈልግ። አሁን አሁን ደሞ ከተማው በኮሪደር ልማት ሲያምር ትምህርት ቤቶችም ግቢያችንን ሙሉ በሙሉ ኮብል እናልብሰው ማለት ጀምረዋል፣ ወላጅም ጭቃ ስለሚጠላ ይደግፋል። መተላለፊያውን አንጥፉት፣ ልክ ነው፣ ግቢውን በሙሉ ግን ለምን? የኳስ ሜዳውን ደሞ ተዉት በናታችሁ፣ ልጅ የት ይጫወት፣ ሜዳ አረንጓዴ አልሆነም ብሎ ነጥብ መቀነስ ራሱ አላዋቂነት ነው።

ወደ ዛፍ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ትምህርት ቤት ሁሉ በየክረምቱ ይተክላል፣ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የተተከለው ብዛት ነው። ሀምሌ ላይ ይተከላል፣ ሀምሌ ላይ ደሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ መስከረም ተማሪ ሲመለስ ግማሹን ፍየል በልቶታል፣ ጥርና የካቲት ላይ ዝናቡ ሲጠፋ ውሃ የሚያጠጣ የለም፣ በቀጣዩ ክረምት ደሞ እዛው ጉድጓድ ላይ እንደ አዲስ ይተከላል። አንዳንዱማ ከነፕላስቲኩ ነው የተቀበረው። ገምጋሚ ማየት ያለበት የዘንድሮን አይደለም፣ የዛሬ ሶስት ዓመት ከተተከለው ዛሬ በህይወት ያለው ስንት ነው ብሎ ይጠይቅ። ዳይሬክተሩ ካላወቁት ዘበኛውን ይጠይቅ፣ ዘበኛው ያውቃል።

ዓይነቱም ይቆጠር። መቶ ግራቪሊያ በሰልፍ ያቆመ ግቢና አስር ዓይነት ዛፍ ያለው ግቢ እኩል አይደሉም። እኛ ጋ እኮ የምርጫ ችግር የለም፣ ዋንዛ አለ፣ ብሳና አለ፣ ሰሳ አለ፣ ብርብራ አለ፣ ሾላ አለ፣ ዋንዛና ብሳና ሲያብቡ ንብ ይወራቸዋል፣ ሰሳና ብርብራ ደሞ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣሉ። አቮካዶና ማንጎም ይተከል፣ ፍሬው ሳይበስል በድንጋይ ቢያልቅም ጥላው ይቀራል። ተዳፋት ላይ ደሞ ቬቲቨር ሳር፣ ይሄ ሳር ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንደ ፈረንጆች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በጅማ የምርምር ማዕከል በኩል ነው፣ ሌላ ክልል ሄዶ አፈር ሲይዝ እዚሁ ያለ ትምህርት ቤት አጥሩ ስር በጎርፍ ይቦረቦራል።

ባህር ዛፍ ላይ ግን እንደ ብዙ ሰው አልጮህም። ውሃ ይመጥጣል፣ ስሩ ሌላ ነገር ብዙ አያበቅልም፣ ቦዬና ኪቶ ረግረጉ ዳር ሲተከል ምን እንደሚያደርግ እያየን ነው። ትምህርት ቤቱ ግን አጥሩ ዳር ያለውን ባህር ዛፍ ሸጦ ወንበር አሰርቷል፣ ጣሪያ አሳድሷል፣ የውስጥ ገቢ የሚባለው ከሱ ነው፣ በቅጹ ላይ "ባህር ዛፍ አለ፣ ነጥብ ይቀነስ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ወንበሩን ከየት እንደሚያመጣላቸው አብሮ ይጻፍ። እኔ ብሆን የቆረጡትን ያህል እየቀነሱ ቦታውን በሌላ እንዲተኩ ጊዜ እሰጣቸዋለሁ፣ ውሃ የሚተኛበት ቦታና ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ያለው ብቻ ይቅደም።

ቆሻሻ ማየት የፈለገ በዋናው በር አይግባ፣ ቀጥታ ሽንት ቤት ጀርባ ይሂድ። ጉድጓዱ እዛ ነው፣ የብስኩት ላስቲክ፣ ፌስታል፣ የፈተና ወረቀት፣ ከላይ ያልኩት ቅጠል ሁሉም አብሮ ይጨሳል፣ ጭሱ ደሞ ነፋስ ባመጣው ቀን የአንደኛ ክፍል መስኮት ይገባል። ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስደዋል፣ ችግሩ ማንም የማይገዛው ስሱ ፌስታል ነው። ስስ ፌስታል እኮ ዛሬ አይደለም የተከለከለው፣ በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ከልክሎ ነበር፣ በ2017 ደሞ ፓርላማው ጠንከር ያለ እገዳ ያለበት አዋጅ አጽድቋል። ትምህርት ቤት በር ላይ ግን ቆሎውም ድንቹም ዛሬም በፌስታል ነው። ቅጠሉን ለይቶ ጥግ ላይ ማከማቸት፣ ከተገኘም የቡና ገለፈት ጨምሮ ማበስበስ ምንም ወጪ የለውም፣ ገለፈት ጅማ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

ይሄን ሁሉ ማን ይገምግም? እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው ጋ የማልስማማው፣ ባለሙያ ይምጣ ይላሉ። እኔ ተማሪው ይገምግም ባይ ነኝ። ኢንስፔክሽን አለን፣ ግብአት፣ ሂደትና ውጤት ብሎ አይቶ ለትምህርት ቤቱ ከደረጃ 1 እስከ 4 ይሰጣል፣ እሱ የራሱ ስራ አለው፣ የጎርፍ መንገድ ይከተል ብዬ አልጠብቅም። እንደ ፈረንጆቹ በ1994 አውሮፓ ውስጥ የተጀመረው ኢኮ ስኩልስ የሚባለው ፕሮግራም አረንጓዴ ባንዲራ ከመስጠቱ በፊት ሰባት እርምጃ አለው፣ መጀመሪያ ተማሪ ያለበት ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሁለተኛው ራሳቸው ግቢያቸውን መፈተሽ ነው። ባንዲራው ይቅርብን፣ ሁለተኛዋን እርምጃ ግን መውሰድ እንችላለን። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በየትምህርት ቤቱ አለ፣ አሁን ስራው ሚኒ ሚዲያ ላይ ግጥም ማንበብ ነው። በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ጣሪያ ይለኩ፣ በጂኦግራፊ የጎርፉን መስመር ካርታ ላይ ይሳሉ፣ በባዮሎጂ ዛፉንና ወፉን ይቁጠሩ፣ ውጤቱን ደሞ ለወላጅ ራሳቸው ያቅርቡ። ልጅ ግቢው ውስጥ ሲውል ያየውን ኮሚቴ በአንድ ሰአት አያየውም፣ ደሞም ልጅ ቀድሞ ተነግሮት አይመጣም።

እዚህ ጋ አንድ እውነተኛ ተቃውሞ አለ፣ መምህራን የሚሉት። ቅጠሉ ካልተጠረገ ገምጋሚ መጥቶ "ቆሻሻ ግቢ" ብሎ ይጽፋል፣ እባብ ይገባል ብሎ ወላጅ ይጮሀል። ልክ ናቸው። ስለዚህ መቀየር ያለበት ከላይ ነው፣ የከተማው ትምህርት ጽህፈት ቤት የሚልከው ቅጽ ላይ "ግቢው ተጠርጓል ወይ" የሚለው ለመተላለፊያውና ለክፍሎቹ ደጃፍ ብቻ ይሁን፣ ዛፍ ስር ያለው ቅጠል እንዲተው በግልጽ ይጻፍ፣ የችግኝ ጥያቄው "ስንት ተከላችሁ" መሆኑ ቀርቶ "ከሶስት ዓመት በፊት ከተተከለው ስንት አለ" ይባል፣ የጉብኝቱም ቀን ግንቦት ወይ ሰኔ ላይ ይሁን፣ ተማሪው ሳይበተን፣ ዝናቡም እየጣለ።