ድንጋዩን ለልጁ ያቀበለው አባት

የወሎ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ማንንም ደስ ለማሰኘት አይደለም። ባለፈው እንቁጣጣሽ ደሴ ላይ ያየሁትን ዋጥ አድርጌ ልተወው ሞክሬ ሆዴ እምቢ ብሎኛል።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ መዝናኛ ግቢ ነው። ስሙን አልጠራም። ጥፋቱ የባለቤቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእሱ ጋር ተጣልቼ እገባ ነበር እንጂ እናንተን አልቆጣም። ከጓሮው፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ በፌሮ ብረት የተበየደች ጠባብ ቤት አለች። ወለሏ ሲሚንቶ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ። ውስጧ አንድ ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ተቀምጧል፤ ጎፈሩ ተላልጦ፣ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ገላ ደብዝዛ። ጭላዳ ሣር በል ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል። እዚያች ቤት ውስጥ ግን አንዲት ዘለላ ሣር አልነበረችም። የነበረው የብርቱካን ልጣጭ፣ የጫት ገረባና ለስላሳ የተቀዳበት የሃይላንድ ጠርሙስ ነው።

ጎረምሶቹ በእንጨት ይጎነትሉታል። ጭላዳ ሲጨንቀው የላይኛው ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። ፍርሃትም ነው፣ ማስፈራሪያም ነው፤ ራቁልኝ ማለቱ ነው። ሰዉ ግን «ሳቀ! ሳቀ!» እያለ ስልኩን ያወጣል። ከንፈሩን ሲመልስ ደግሞ እንደገና እንዲስቅላቸው ይወጉታል። ስንት ቤተሰብ በዚያ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ እንደተነሳ ቆሜ አይቻለሁ።

ከዚያ አንድ አባት መጣ። አምስት ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጁ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ የአባቱን ሱሪ ጨብጦ ከኋላው ይመለከታል። አባትየው ጎንበስ ብሎ ከመሬት ጠጠር መረጠ። አዎ፣ መረጠ፤ ትንሹን ጥሎ ተለቅ ያለውን አነሳ። በልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠለትና «በለው! ምን ያስፈራሃል፣ ታስሯል እኮ!» አለው። ልጁ እጁን ሰበሰበ። አባትየው ጠጠሩን መልሶ አስጨበጠው፤ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ልጁ ወረወረ። ቅንድቡን አገኘው። ጭላዳው አልጮኸም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰዉ አጨበጨበ።

ታስሯል እኮ! መምታት የሚከለክለው ነገር እንዴት ለመምታት ፈቃድ ሆነ? ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይህ ነው። እዚያ ከቆምነው ሁሉ አንድ ሰው እንኳ የልጁን እጅ አልያዘም። እኔም አልያዝኩም። በዚያው ሰሞን ስመለስ ቤቷ ባዶ ነበረች። ዘበኛውን ብጠይቀው «ሞተ፣ ጋሼ፤ ገደሉት እኮ» አለኝና ዞሮ ወደ በሩ ሄደ።

ይህን እንስሳ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ አይቼዋለሁ። በዚያ አገር መካነ አራዊት እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተ፣ በእኛው በሰሜን ተራሮች ስም የተጠራ ሰፊ ቦታ አለው። ቋጥኝ አለ፣ ተዳፋት አለ፣ ሣር አለ። መንጋው ቁጭ ብሎ ይነጫል፣ እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው ይዞራሉ። አንድ ልጅ ወደ እሱ እንዲዞሩለት አጥሩን እየደበደበ ጮኸ። አያቱ እጁን ይዘው ወዲያ ወሰዱት፤ እስኪረጋጋ አልመለሱትም። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ቀን ያለቀስኩት በናፍቆት መስሎኝ ነበር።

ፈረንጅ ደግ ሆኖ ተፈጥሮ ነው እንዳትሉኝ። ኒውዮርክ ብሮንክስ ባለው መካነ አራዊት እ.ኤ.አ. በ1906 ኦታ ቤንጋ የሚባል ኮንጓዊ ወጣት ከዝንጀሮዎቹ ቤት ለሕዝብ ታይቷል። ሕዝቡ ሳቀበት፣ ጎነተለው። ያን ነውር ያስቆሙት ጥቁር አሜሪካውያን ቀሳውስት ናቸው፤ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። እንግዲህ ሰው የሚማረው የሚገስጸው ሲያገኝ ነው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢም የተኛውን አንበሳ ለማስነሳት ጠጠር ሲወረወር አይቻለሁ፤ እዚያም ዝም ተብሏል።

ጭላዳ በዱር የሚኖረው ኢትዮጵያ ብቻ ነው። በእኛው ደቡብ ወሎ፣ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ከቀይ ቀበሮ ጋር አንድ ተራራ ይጋራል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ለአቅመ መራባት የደረሰው በዓለም ተደምሮ 500 አይሞላም፤ በየትኛውም አገር መካነ አራዊት አንድ እንኳ የለም። ማየት የፈለገ እዚሁ እኛ ዘንድ መጥቶ ነው። ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለትን አውሬ እኛ ፌሮ ውስጥ ዘግተን ከጄኔሬተር አጠገብ እናስቀምጠዋለን። የመሸበትን መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ መደቡን የሚለቅ፣ ቡና ሳይጠጣ አትሄድም ብሎ የሚለምን ሕዝብ ነን። ያ ደግነት ፌሮው ጋ ሲደርስ የት ይገባል? ንገሩኝ!

ሕግ አልጠፋም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው። አውሬ ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት አይቻልም። ግን አዋጁ ከእያንዳንዳችን ኋላ ቆሞ እጃችንን ሊይዝ አይችልም። ቤቷን ያቆማት የእኛ መሰብሰብ ነው። ባንሄድ፣ ባንስቅ፣ ፎቶ ባንነሳ፣ ባለቤቱ ለምን ብሎ ያቆያታል?

እለምናችኋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ስልካችሁን መልሱና ፈቃዱን ጠይቁ። ልጁ ጠጠር ሲያነሳ ተዉ በሉት፤ የማን ልጅ ነው አትበሉ። ድሮ የጎረቤት ልጅ መቆጣት ነውር አልነበረም። ያ ሕፃን እኮ መጀመሪያ እጁን ሰብስቦ ነበር፤ እሱ ያወቀውን ነው እኛ ያስረሳነው።

ቤቷ ውስጥ ሌላ ጭላዳ መግባቱን ሰምቻለሁ፤ ይኼኛው ገና ግልገል ነው አሉ። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ አመልክቻለሁ። ነገ ና ተብያለሁ፤ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ደክሞኛል። ግን ሁለት ሦስት ሰው አብሮኝ ቢመጣ እንደ አንድ ሽማግሌ ነዝናዛ አያዩንም። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው በር ላይ ነኝ።